ጨቃ ሳይቀዳ ተረት የለም

አያቴ ተረት በቀን አታወራም ነበር። «ሥራ ያስፈታል» ትለናለች። እራት ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ እሳቱ ፍም ብቻ ሲቀር ነው «ተረት ተረት» የምትለው። እኛም «የላም በረት» ብለን እንንጫጫለን። ይህቺን ነገር ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ ኮንሶ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ቆጠራ ሠራተኛ ደብተር ይዤ ሰው ባላሳደድኩ ነበር።

እሑድ

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። አውቶቡሱ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ሲያደርሰን ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። ተኝቼ ነበር። ስነቃ ጎኔ ያለው ሰውዬ ትከሻዬን ትራስ አድርጎታል፤ ምናልባት እኔም የእሱን አድርጌዋለሁ።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሠፈር ወርጄ ዓሣ ለብለብ በዳጣ በላሁ። ዳጣው ያስለቅሳል። አስተናጋጇ ዓይኔን አይታ «ልጨምርልህ?» አለችኝ። ሰው ሲቃጠል ማየት የምትወድ ልጅ ናት።

ለምን ኮንሶ? ሰው ወደዚያ የሚሄደው እርከኑን ለማየት ነው። እኔ የሄድኩት ተረት ለመስማት ነው። ሦስት እስክሪብቶ፣ አንድ ወፍራም ደብተር፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። ዝግጅቴ የሚያስቅ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ሰኞ

ከአርባ ምንጭ ኮንሶ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቅጥቅጥ ተሳፈርኩ። መጀመሪያ ሙዝ ነው፤ ግራና ቀኝ ሙዝ። ሼሌ ስንደርስ መስኮቱን ሁሉ የሙዝ ነጋዴ ከበበው። ከዚያ መሬቱ ይደርቃል፣ ሙቀቱ ይጠነክራል። ጋቶን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ደግሞ ተራራው ሌላ መልክ ያወጣል። ከእግር እስከ ራሱ ሹሩባ የተሠራ ይመስላል። እያንዳንዱ የሹሩባ መስመር ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ ነው።

ዩኔስኮ ይህንን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሲመዘግበው 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሕያው ባህል ብሎታል። እኔን የገረመኝ ግን ዕድሜው አይደለም። ገና እየተሠራ መሆኑ ነው። ከመኪናው መስኮት አንድ ሰውዬ አየሁ። የፈረሰ የእርከን ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ድንጋይ ያነሣል፣ ያገላብጣል፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ያነሣል። ልኩን እየፈለገ ነው። ድንጋዩ አፈሩን ይይዛል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃውን ያቁራል፤ ትርፉ ማሳውን እንዳይንድ ደግሞ መውጫ ይተውለታል። አንድ ክረምት ችላ ካሉት የላይኛው በታችኛው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ጎረቤትህ ሰነፍ ከሆነ ችግሩ ያንተም ነው።

ካራት፣ የዞኑ ከተማ፣ ስደርስ ገበያ ነበር። ሰኞና ሐሙስ ገበያ ነው። ሴቶቹ ከወገብ በታች ሁለት ድርብ ሆኖ የሚወርድ የጥጥ ቀሚስ ለብሰዋል። ጥጡን የሚፈትሉት እነሱ፣ የሚሸምኑት ወንዶቹ ናቸው። ማሽላ በቁና፣ የሽፈራው ቅጠል በእስር፣ ጥጥ፣ ቅል፣ ጨው። ከተማ ውስጥ ሽፈራው በላስቲክ ታሽጎ «ለስኳር፣ ለደም ግፊት» ተብሎ ይሸጣል። እዚህ ጎመን ነው፤ አለቀ።

ሰላምታዋን በመንገድ ተምሬያለሁ፤ «ነጋይታ»። ሰላም ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና «ነጋይታ» ብዬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ደስ አላቸው። ወዲያው ደብተሬን አወጣሁና፣ አማርኛ በሚችል ልጅ በኩል፣ «አባባ፣ አንድ ተረት ቢነግሩኝ» አልኩ። ልጁ ተረጎመ። ሽማግሌው ደብተሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከፊታቸው ያለውን ፍየል አዩት። የሆነ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«ፍየሉን ትገዛለህ ወይ ነው የሚሉት።»

አልገዛሁም። ተረቱም በዚያው ቀረ።

ማክሰኞ

ዛሬ ነገሩ በሥርዓት ይሁን ብዬ የአካባቢውን አስጎብኚ ይዤ ወጣሁ። ወጣት ነው፤ ሞተሩ ግን በዕድሜ የሚበልጠው ይመስለኛል። ወደ መቸቄ ሄድን። ከኮንሶ የድንጋይ ከተሞች አንዷ ናት። መንደር ማለት ይከብደኛል፤ ቅጥር አላት፣ በር አላት፣ ሠፈር አላት። የኮንሶ ከተሞች ከአንድ እስከ ስድስት ዙር የድንጋይ ቅጥር አላቸው። ሰው ሲበዛና ውስጡ ሲጠብ ከውጭ ሌላ ዙር ይጨመራል። መሐሉ ያለው አሮጌው ነው።

በውስጥ ለውስጥ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም። ግራና ቀኝ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የሽፈራው ቅርንጫፍ። ወደ አንድ ግቢ ስንገባ አስጎብኚዬ «ዝቅ በል» አለኝ። ዝቅ አልኩ። «ገና ነህ» አለኝ። በመጨረሻ በአራት እግሬ ገባሁ። በሩ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ጠላት ቢመጣ አንገቱን አስቀድሞ እየዳኸ ነው የሚገባው፤ ከውስጥ የሚጠብቀው ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። እኔን ከውስጥ የጠበቀችኝ አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች።

ሞራው ከአደባባዩ ዳር ነው። ሞራ የሠፈሩ የጋራ ቤት ነው። ታችኛው ክፍል ክፍት ሆኖ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ገበጣ ይጫወቱበታል፣ ይሸመግሉበታል። ላይኛው ጣሪያ ሥር ጎረምሶች ያድሩበታል። እሳት ቢነሣ፣ ጠላት ቢመጣ፣ አንድ ቤት ምጥ ቢጠና፣ የሚሮጥ ጉልበት አንድ ቦታ ተኝቶ አለ ማለት ነው። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! የእኛ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውኃ ሲፈነዳ ቧንቧ የሚዘጋ ሰው ለማግኘት በቴሌግራም ግሩፕ ነው የተጯጯኽነው።

አደባባዩ ላይ ረዣዥም የጥድ ግንዶች አንድ ላይ ታስረው ቆመዋል። የትውልድ እንጨት ናቸው። በየ18 ዓመቱ አዲስ ትውልድ ኃላፊነት ሲረከብ አንድ ግንድ ይተከላል። እንጨቶቹን ቆጥረህ በ18 ብታባዛ የከተማዋን ዕድሜ ታገኛለህ። ቀላል ሒሳብ ነው፤ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት የተለያየ መልስ አመጣሁ። የጥንቶቹ በስብሰው፣ ተሰንጥቀው፣ እርስ በርስ ተደጋግፈዋል። የትኛው የማን እንደሆነ ዓይን አይለይም። አስጎብኚዬ ግን የአያቱን ትውልድ እንጨት በእጁ መታ መታ አድርጎ አሳየኝ፤ የጎረቤት በሬ ትከሻ እንደሚመታ ሰው።

ከግንዶቹ ሥር አንድ ክብ ድንጋይ ተቀምጧል። የጉርምስና መለኪያ ነው። ጎረምሳው ብድግ አድርጎ ከራሱ በላይ አሻግሮ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ያን ያደረገ ለማግባት ደረሰ ይባላል። ድንጋዩ ከላይ ሻካራ ነው። ከጎንና ከጎኑ፣ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሷል። የስንቱ ጎረምሳ ላብ እንዳለሰለሰው እንጃ። መዳፌን እዚያው ልስላሴው ላይ አሳረፍኩ። ጣቶቼ ሰው ለዘመናት ጣቱን ያስገባበት ጎድጓዳ ውስጥ ራሳቸው ገቡ።

አነሣሁት። ልንገራችሁ፤ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ከዚያ በላይ ያለው በእኔና በወገቤ መካከል ይቅር። ሕፃናቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የሆነ ነገር ብሎ ሁሉንም ደግሞ አሳቃቸው። አስጎብኚዬ ሊተረጉምልኝ ፈቃደኛ አልሆነም።

«ንገረኝ እንጂ፣ ምን አለ?»

«ተወው። አላገባህም አይደል?»

ከሰዓት በኋላ ዋካዎቹን አየን። ዋካ ከጠንካራ እንጨት የሚጠረብ የጀግና መታሰቢያ ነው። ጠላት የገደለ፣ አንበሳ ወይም ነብር የጣለ ሰው ሲሞት ይቆምለታል። ብቻውን አይቆምም። መሐል እሱ፣ ከጎኑ ሚስቶቹ፣ ቀጥሎ የገደላቸው ጠላቶች፣ ከእግሩ ሥር አውሬው። ጀግናው ግንባሩ ላይ ከላቻ የሚባለው የጀግና ጌጥ አለው። ጥርሳቸው ከአጥንት ነው፤ ሲያዩህ የሚስቁ ይመስላል። አንድን ሰው ከነሚስቱ፣ ከነጠላቱ፣ ከነሙያው በአንድ ረድፍ ታነበዋለህ።

ችግሩ ፊደሉ መሰረቁ ነው። ብዙዎቹ በሌሊት እየተነቀሉ ለውጭ አገር ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ከሌቦች እጅ የተያዙት ካራት ከተማ ባለው ሙዚየም ውስጥ ቆመዋል። ማታ ሄጄ አየኋቸው። ንጹሕ ግድግዳ፣ ጥሩ ብርሃን። ግን ሚስትየዋ ከማን ጎን እንደነበረች፣ ጠላቱ የየትኛው ጀግና ጠላት እንደሆነ ማን ያውቃል? መንደሩ ያለው ቤተሰብ ታሪኩን ይዞ ቀረ፣ ሙዚየሙ እንጨቱን። ይህ ነገር ከቀኑ ሁሉ በላይ ከንክኖኛል።

ተረት? ዛሬም የለም። ሞራው ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠይቄያቸው «ዝናብ መቼ ይመጣል ይላሉ አዲስ አበባ?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ወደ ፖቃላው ግቢ ሄድን። ፖቃላ የጎሳ አለቃ ነው፤ ኮንሶ ዘጠኝ ጎሳ አለው። ግቢው ጥቅጥቅ ባለ የጥድ ደን መሐል ነው። ዙሪያውን ተራራው ሁሉ ታርሶ እዚህ ብቻ ጫካ መቅረቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደኑ የተከበረ ነው፣ ማንም እንደፈለገ አይቆርጠውም። ከሙቀቱ ወጥተን ጥላው ውስጥ ስንገባ ማቀዝቀዣ የተከፈተ ያህል ነው።

አስጎብኚዬ እዚያ ጥላ ሥር የነገረኝን እስካሁን አልረሳሁትም። በጥንቱ ወግ ፖቃላ ሲሞት ሞተ አይባልም። «ታሟል» ነው የሚባለው። አስከሬኑ እንዳይፈርስ ተደርጎ በቤቱ ይቀመጣል። ሰው ይመጣል፣ «እንዴት አደሩ?» ይላል፣ «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል፣ ይመለሳል። 9 ዓመት፣ 9 ወር ከ9 ቀን። ከዚያ ነው ሞቱ የሚታወጀውና የሚቀበረው።

«ሰዉ ግን አያውቅም?» አልኩት።

«ሁሉም ያውቃል።»

«ታዲያ?»

«ታሟል ነው የሚባለው አልኩህ እኮ።»

ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን ሳቄ ቀዘቀዘ። አጤ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆይቶ የለም? ያኔም አገሩ ሁሉ «ጃንሆይ አሟቸዋል» ይል ነበር። ያለ አባት መቅረት በአንድ ቀን የሚዋጥ ነገር አይደለም። ኮንሶዎች ቀስ ብለው እንዲዋጥ ጊዜ ሰጡት። ይህ ሁሉ ሲነገረኝ ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ተረት እየሰማሁ መሆኔን እንኳ ልብ አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ጌሰርጊዮ። ቱሪስቱም አገሬውም «ኒውዮርክ» ይላታል። ከገደሉ አፋፍ ቆመህ ወደ ታች ስታይ ቀይ አፈር በጎርፍና በነፋስ ተሸርሽሮ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የመሰለ ዓምድ ሆኗል፤ መቶ ዓምድ፣ ከመቶም በላይ። ምክንያቱን ትምህርት ቤት ተምረናል፤ የአፈር መሸርሸር። አጠገቤ የቆመው ልጅ ግን ሌላ ምክንያት ነበረው።

አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። አማርኛው የትምህርት ቤት ነው። ሳልጠይቀው ጀመረ።

«የንጉሡ ከበሮ ተሰረቀ» አለ። አለቃ ለማለት ነው። «ሌቦቹ እዚህ ቀበሩት።» ቁጢጥ አለና በጣቱ አፈሩን መጫር ጀመረ። «ጠዋት ተነሣ፣ ከበሮ የለም። አለቀሰ። ሰዉ ሁሉ ወጣ። ዋቅን ለመኑ።» ፈጣሪን ማለቱ ነው። ጣቱ መጫሩን አላቆመም። «ዋቅ ሰማ። ሰዉ ቆፈረ፣ ዋቅ አብሮ ቆፈረ፣ እዚህ ቆፈረ፣ እዚህ ቆፈረ፣ እዚህ ቆፈረ።» ከእግሩ ሥር ትንሽዬ ጌሰርጊዮ ተሠርታለች፤ ጉድጓድ፣ ዓምድ፣ ጉድጓድ። ከዚያ ሁለት መዳፉን ገጥሞ ከአፈሩ ውስጥ የሆነ ነገር አነሣ። ምንም የለም። ግን ከበሮውን አየሁት ብላችሁ እመኑኝ።

«ተገኘ ማለት ነው?»

«ተገኘ!» አለና እጁን ዘረጋ። «እስክሪብቶ።»

ከሦስቱ ሁለቱን ሰጠሁት። አስጎብኚዬ እየሳቀ ጨመረልኝ፤ የኮንሶ ቅዱስ ከበሮ የሰላም ምልክት ነው፣ ከመንደር መንደር እየዞረ ይቀመጣል። ታዲያ የሚዞር ከበሮ የሰረቀ ሰው የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም የሰረቀው።

ሐሙስ

እንደገና ገበያ ነው። ከሰኞ የተለየ የማወራው የለኝም፤ ፍየሉ እስካሁን አልተሸጠም። ሽማግሌው ግን አስታወሱኝና በአስጎብኚዬ በኩል «ማታ ጨቃ ቤት ና» አሉኝ። የሚሉትን ቤት እሱ ያውቃል።

ጨቃ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ የሚጠመቅ ነው። መጠጥ ነው ስትል ምግብ ነው፣ ምግብ ነው ስትል ያሰክራል። ወፈር ያለ፣ ለብ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ። በቅል ይቀዳል። ገበሬው ማሳ ሲሄድም ይዞት ይሄዳል፤ ምሳው ነው። ባለቤቷ ቅሉን ስታቀብለኝ ኩርኩፋም አቀረበችልኝ፤ በእጅ የተድበለበለ የእህል ዱቄት ከሽፈራው ጋር የተቀቀለ። ጨው ያንሰዋል ብዬ ነበር። ሦስተኛውን ስጎርስ ሐሳቤን ቀየርኩ።

ደብተሬን አላወጣሁም። ስልኬን አጠፋሁ። በሁለተኛው ቅል ላይ ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቁ።

«አንተ አታውቅም ወይ ነው የሚሉህ» አለኝ አስጎብኚዬ።

«ምን?»

«ተረት። አራት ቀን ሰውን ስትጠይቅ ነው የከረምከው። አንተ ምን ይዘህ መጣህ?»

እውነቱን ነው። እጄን ዘርግቼ ብቻ ነው የመጣሁት። ስለዚህ የአያቴን የአህያና የጅብ ተረት ጀመርኩ። ጅብ ከወንዙ በላይ፣ አህያ ከበታች ውኃ ይጠጣሉ። ጅብ «ውኃውን አታደፍርሺብኝ» ይላል። አህያ «አያ ጅቦ፣ ውኃው ካንተ ወደ እኔ አይደል የሚወርደው?» ትላለች። ጅብ ሌላ ሰበብ ይፈልጋል፣ ሌላ ይፈልጋል። በመጨረሻ እሷ ራሷ «ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። እንደ አያቴ አድርጌ የጅቡን ድምፅ አወጣሁ። ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ እያሰቡ ነበር።

«ባለቤቷ የት ሄዶ ነው?» አሉ።

«የማን ባለቤት?»

«የአህያዋ። በዚያ ሰዓት አህያ ብቻዋን ወንዝ ምን ትሠራለች?»

ሠላሳ ዓመት የማውቀው ተረት ነው፤ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ጨቃ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ባለቤቷ ሰክሮ ነው አለ። ሌላው የለም፣ ሰውዬው ደሃ ነው፣ አህያዋን የሚጠብቅ ልጅ የለውም አለ። ባለቤቷ፣ የቤቱን ማለቴ ነው፣ ከጋኑ እየቀዳች «ሚስቱን ጠይቋት» አለች። ያኔ የሁሉም ሳቅ ፈነዳ።

ከዚያ በኋላ እኔን የጠየቀኝ የለም። ሽማግሌው ጀመሩ። ሲተርኩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም፤ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ያጋድላል። ከጎናቸው ያለው ሰውዬ በየዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ «እህ» ይላል። «እህ» ሳይል ከዘገየ ይቆማሉ፣ ዘወር ብለው ያዩታል። ጅቡ እዚህም አለ። ቋንቋ አለማወቄ አንድ ነገር አስተማረኝ፤ መጀመሪያ ሁሉም ይስቃል፣ ከዚያ አስጎብኚዬ ይስቃል፣ ከዚያ ተርጉሞልኝ እኔ ብቻዬን እስቃለሁ። ብቻዬን ስስቅ ደግሞ ሁሉም እኔን እያየ እንደገና ይስቃል። አንዱ ቀልድ ሁለቴ እየተበላ አመሸን።

ስንት እንደሰማሁ አላስታውስም። ጨቃው አራት ቅል ነበር፤ ይህን አስታውሳለሁ።

ዓርብ

ራስ ምታት። ከኮንሶ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ሸገር። ሶዶን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውም ነፋስ አልነበረውም። ሰዉ ወርዶ ጥላ ፈለገ። እኔ አጠገብ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ተቀመጠች። ልጅቷ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሰልችቷት ታለቅሳለች።

ቁጢጥ ብዬ መሬቱን በጣቴ መጫር ጀመርኩ። «የንጉሡ ከበሮ ተሰረቀ» አልኳት። ለቅሶዋን አቋርጣ ጣቴን አየች። ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ዓምድ አቆምኩ። ዋቅ እዚህ ቆፈረ፣ እዚህ ቆፈረ። ከበሮውን በሁለት መዳፌ አነሣሁላት። ጆሮዋን አስጠጋች።

«ምን ብሎ ነው የሚጮኸው?» አለችኝ።

ድም ድም ልላት ብዬ ተውኩት። የኮንሶው ከበሮ ሲመታ ምን እንደሚል አልጠየቅኩማ። ለአስጎብኚዬ ደወልኩ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ኔትወርክ የጠፋ መስሎኝ ነበር። «ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። «ቆይ፣ እጠይቅልሃለሁ።»

ጎማው ተቀይሮ ስንሄድ፣ ሆሳዕና ልንደርስ ስንል፣ መልእክት ገባልኝ።

«አባባ እራሴ እነግረዋለሁ ብለዋል። ግን ማታ ደውል።»